መድኃኒቱን ለምን ተውከው?

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለታደሰ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔና ቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሳንጻጻፍ ዓመታት አልፈዋል፤ ወቀሳውን ለምንገናኝበት ቀን አቆይቼ፣ ታናሽ እኅትህ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጥታ ወዳጫወተችኝ ጉዳይ ልግባ። የደም ግፊትህ 170 በ105 ተገኝቶ አምሎዲፒን የተባለው የግፊት ክኒን ታዝዞልህ እንደነበር፣ አንተ ግን «ምንም አያመኝም» ብለህ ክኒኑን እንደተውከው ነገረችኝ።

ታዴ፣ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ሰውየው እየሠራ፣ እየበላና እየተጫወተ ሳለ የአንጎሉ የደም ሥሮች እየተጎዱ ይሄዱና አንድ ቀን ወይ ይዘጋሉ ወይ ይፈነዳሉ፤ ስትሮክ የምንለው ይህ ነው፤ ከመንስኤዎቹም ቀዳሚው ግፊት ነው። ክኒኑ ግፊቱን የሚይዘው እስከተዋጠ ድረስ ብቻ በመሆኑ፣ ልኬታቸው ሲወርድ «ድኛለሁ» ብለው ያቆሙ ደንበኞቻችን ከወራት በኋላ ግፊታቸው ወጥቶ ሲመለሱ አያለሁ። እግርህን አሳብጦህ ከሆነ ይህ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳቱ ነውና ለሐኪምህ ንገረው፤ መጠኑን ሊቀንስልህ ወይም በሌላ ሊለውጥልህ ይችላል።

«እኔ ጿሚ ነኝ፣ ሥጋና ቅቤ አላበዛም» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ጾሙ መልካም ነው፤ ጨው ግን በጾምም ከገበታ አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው ሲሆን፣ በሽሮው፣ በበርበሬውና በዳቦው ውስጥ ያለው ሁሉ ከዚሁ ይቆጠራል። የጭነት መኪናህን ይዘህ በጅቡቲ መንገድ ስትመላለስ አዋሽና ሚሌ ላይ የምትበላውን ወጥ የሚሠራው ሌላ ሰው ስለሆነ፣ አንተ ቢያንስ ከላይ አትነስንስበት። ስለ ሲጋራው ደጋግመን ተነጋግረናል፤ አልመለስበትም። እንቅልፍ ለማባረር የምትቅመው ጫት ግን የልብ ምትንም ግፊትንም ከፍ ስለሚያደርግ፣ ክኒኑን ለተወ ሰው በእሳት ላይ ቤንዚን ነው። ጅቡቲ ጭነት ስትጠብቅም ጋቢና ውስጥ ከምትጋደም፣ አመሻሽ ላይ ቀዝቀዝ ሲል ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጠን ብለህ ተራመድ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ መንገድህ ነው። ፊት ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል ወይም አንደበት ሲተሳሰር፣ «ምች ነው» ተብሎ ዳማ ከሴ ሲጨመቅ ውድ ሰዓት ያልፋል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ፣ ያውም ጭንቅላት በሲቲ ስካን ታይቶ ደም አለመፍሰሱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ከሚሌ እስከ ጋላፊ ባለው በረሃ ይህ ቢደርስብህ፣ ረዳትህ በዚያ ጊዜ ውስጥ የት ያደርስሃል? ምልክቶቹን ለእርሱም አስተምረው፤ ክኒኑን ግን ዛሬውኑ ሐኪም ጠይቀህ ጀምር።

ቃሊቲ ስትገባ ደውልልኝ። ቡና ሳትጠጣ፣ ጫትም ሳትቅም በጠዋት ና፤ አምስት ደቂቃ አረፍ ካልክ በኋላ በሁለቱም ክንድህ እለካሃለሁ። የቀድሞ ማዘዣህን እንዳትረሳ።

ወንድምህ ዳንኤል