ደብዳቤ ለልጄ፦ ፈረንሳይ መጥተሽ በሳንድዊች እንዳትመለሺ

ልጄ፣ ሰላምሽ ይብዛ። እኔ ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው በስልክ "እማ፣ ሬስቶራንት አንገባም፤ የፈረንሳይ ምግብ ኪስ ያራቁታል፤ ሳንድዊችና በርገር እየበላን እንዞራለን" አልሽኝ። ያኔ ብዙ አልመለስኩልሽም። የምነግርሽ ነገር ረጅም ስለሆነ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ ብዬ ነው። ከሁሉ በፊት ይቺን ያዢልኝ። እዚህ አገር የቆየው፣ የእናትና የአያት የሚባለው ምግብ ውዱ ምግብ አይደለም። ግንበኛው፣ ፖስተኛው፣ የባንክ ሠራተኛዋ ቁጭ ብለው ምሳቸውን የሚበሉበት ቤት ሞልቷል። አንቺም እነሱ የሚገቡበት ግቢ። እኔ ማድ ቤት ቆሜ የምሠራው ለእነዚህ ሰዎች ስለሆነ የምናገረውን አውቃለሁ።

ትልቁ ነገር ሰዓት ነው። በምሠራበት ቤት የምሳውም የእራቱም ምግብ የሚወጣው ከአንድ ማድ ቤት፣ ከአንድ ሼፍ እጅ ነው። ዋጋው ግን አይገናኝም። ምሳ ላይ በር ላይ በቆመው ጥቁር ሰሌዳ "ፎርሙል" ይጻፋል። ወይ መጀመሪያና ዋና ምግብ፣ ወይ ዋና ምግብና ጣፋጭ ነው፤ ትንሽ ከጨመርሽ ሦስቱም ይመጣል። ፓሪስ ውስጥ ከ16 እስከ 22 ዩሮ፣ ከፓሪስ ወጣ ስትይ ደግሞ ከ14 እስከ 18 ዩሮ አካባቢ ታገኛለሽ። አንድ ሳህን ብቻ ከበቃሽ "ፕላ ዱ ዡር" በይ። የዕለቱ ምግብ ነው፤ ዋጋው ከዚያም ያንሳል። እራት ላይ ያው ቤት ገብተሽ ከሜኑ እየመረጥሽ ብታዢ በቀላሉ እጥፍ ትከፍያለሽ። ስለዚህ ቀን ላይ በደንብ ብዪ፤ ማታ ዳቦ፣ አይብና ፍራፍሬ ገዝታችሁ ወንዝ ዳር ተቀመጡ።

ረከሰ ማለት ጥራት የለውም ማለት እንዳይመስልሽ። ሼፉ በጥሩ ዋጋ ያገኘውን ነገር በአንድ ትልቅ ድስት ለሁሉም ይሠራዋል። የሚጣል የለም፤ የሚባክን ጊዜም የለም። ደግሞም የድሮዎቹ የፈረንሳይ ወጦች የሚሠሩት ርካሽ ከሆነው የሥጋ ክፍል ነው፤ ከጉንጭ፣ ከወርች፣ ከአንገት። ይህ ሥጋ ጠንካራ ስለሆነ ነው የረከሰው። ሦስት አራት ሰዓት በቀስታ እሳት ከተንተከተከ በኋላ ግን ቢላ አይፈልግም። ስቴክ ከዚህ ይበልጣል የሚልሽ ሰው ካለ አትስሚው።

ምሳ የሚበላው ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ነው። 8 ሰዓት ካለፈ ብዙ ቤት ማድ ቤቱን ይዘጋል። ለምነሽም አይከፈትልሽም፤ እኔ ራሴ በዚያ ሰዓት ወለል እያጠብኩ ነው። ሙዚየም ውስጥ ቆይታችሁ 9 ሰዓት ላይ ርቧችሁ ብትወጡ የምታገኙት ቀኑን ሙሉ ቱሪስት የሚጠብቁትን ቤቶች ነው። 6 ሰዓት ከሩብ ላይ በር ላይ ሁኚ። ስትገቢ መጀመሪያ "ቦንዡር" በይ። ይቺን ቃል ሳትይ ጥያቄ ከጀመርሽ ፊታቸው ሲለወጥ ታያለሽ።

ቤቱን እንዴት ትመርጫለሽ? ሰሌዳው በእጅ የተጻፈና አጭር ይሁን። ሦስት መጀመሪያ፣ ሦስት ዋና፣ ሦስት ጣፋጭ ካየሽ ጥሩ ምልክት ነው። የምግብ ፎቶ በር ላይ ከተለጠፈ፣ ሜኑው በስድስት ቋንቋ ከሆነ፣ ሰው ወጥቶ "ግቡ ግቡ" ካለሽ እለፊው። ፓሪስ ውስጥ ቴርትር አደባባይና የሁሼት መንገድ ለማየት ያምራሉ፤ ለመብላት ግን ሁለት ሦስት መንገድ ራቅ በይ። የቤት ጣራ የመሰለ ክዳን ያለው የድስት ምልክት ሜኑ ላይ ካየሽ ደግሞ ምግቡ ከጥሬው ጀምሮ እዚያው ቤት የተሠራ ነው ማለት ነው። ከ2014 (በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ) ጀምሮ በሕግ የታወቀ ምልክት ነው። ከፋብሪካ በፕላስቲክ ታሽጎ የመጣ ወጥ አሙቆ የሚያቀርብ ቤት ስላለ እሱን እዪ።

ውኃ አትግዢ። "ካራፍ ዶ" ካልሽ የቧንቧ ውኃ በጠርሙስ በነጻ ይመጣል። ከ2022 ጀምሮ ነጻ ውኃ እንዳለ ሜኑው ላይ የመጻፍ ግዴታም አለባቸው። ዳቦውም ከምግቡ ጋር ነው፤ አይቆጠርብሽም። የአገልግሎት ክፍያ ዋጋው ውስጥ ስላለ ጉርሻ ካልተውኩ ብለሽ አትሳቀቂ። ቡና ከፈለግሽ ባንኮኒው ጋ ቆመሽ ጠጪ፤ ብዙ ቤት ከተቀመጥሽበት ዋጋ ይቀንሳል።

ፓሪስ ደግሞ ቡዮን የሚባሉ ቤቶች አሏት፤ እነዚህን በጣም እወዳቸዋለሁ። በ1850ዎቹ ዱቫል የሚባል የሉካንዳ ባለቤት ለሌ አል የሚባለው የፓሪስ ገበያ ሠራተኞች የተቀቀለ ሥጋ ከነመረቁ በርካሽ ማቅረብ ጀመረ። ነገሩ ተስፋፋና ከተማው በቡዮን ተሞላ። ከዚያ ዘመን እስከ ዛሬ የሚሠራው ሻርትዬ ነው፤ ፎቡር ሞንማርትር መንገድ ላይ በ1896 ተከፈተ። አዳራሹ ሰፊ፣ ጣራው ከፍ ያለ ነው። የድሮ ደንበኞች የየራሳቸውን የጨርቅ ናፕኪን የሚያስቀምጡባቸው ቁጥር ያላቸው ትንንሽ መሳቢያዎች አሁንም ግድግዳው ላይ አሉ። ቦታ ከጠበበ ከማታውቂው ሰው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡሻል። አስተናጋጁ ያዘዝሽውን በወረቀቱ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ይጽፍና ሂሳቡን እዚያው ይደምረዋል። መጀመሪያው ጥቂት ዩሮ ነው፤ ዋናው ምግብ በአብዛኛው ከ15 ዩሮ አይዘልም። ቀጠሮ ስለማይቀበሉ ሰልፍ አለ። ሰልፉ ረጅም ቢሆንም ይሄዳል፤ ተስፋ ቆርጠሽ እንዳትመለሺ። ቡዮን ጠፋ ሲባል በ2017 ፒጋል ላይ አዲስ ተከፈተና እንደገና ነፍስ ዘራ። እነዚህ ቤቶች ከቀትር እስከ እኩለ ሌሊት ስለሚሠሩ የምሳ ሰዓት ያለፈብሽ ቀን የምትድኚው በእነሱ ነው።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ፤ የአሳማ ሥጋ። የፈረንሳይ ምግብ ውስጥ አሳማ ሳይታይ ይገባል። "ላርዶን" የሚሉት በትንንሹ የተከተፈ የአሳማ ሥጋ አለ። ቦፍ ቡርጊኞን የበሬ ሥጋ ነው ብለሽ ታዢያለሽ፤ ላርዶን አለበት። በወይን የሚሠራው ዶሮም፣ ኪሽ ሎሬንም፣ የሊዮን ሰላጣም እንደዚያው። የምስር ሰላጣ እንኳ አይታመንም። ሹክሩትና ካሱሌ አሳማ የበዛባቸው ናቸው፤ አንዱዬት የአሳማ አንጀት፣ ቡዳን ኑዋር ደግሞ ደም ነው። ስለዚህ "ኢል ያ ዱ ፖር?" (አሳማ አለበት ወይ?) ብለሽ ጠይቂና ላርዶንን ለብቻው ደግመሽ ጠይቂ። አስተናጋጁ ስለ ዋናው ሥጋ እያሰበ ላርዶኑን ሊረሳው ይችላል። ማድ ቤት ሄዶ ቢጠይቅልሽ ማንም አይቆጣም፤ እኛም በየቀኑ እንጠየቃለን።

ብላንኬት ካየሽ እዘዢ። የጥጃ ሥጋ በነጭ ሶስ ነው፤ ከሩዝ ጋር ይመጣል። ፖቶፌም አለ፤ የበሬ ሥጋ ከካሮትና ከባሮ ሽንኩርት ጋር ተቀቅሎ፣ በሰናፍጭ ይበላል። ናቫራን በግ ነው። አሺ ፓርማንትዬ የተፈጨ ሥጋ ተቀቅሎ በተፈጨ ድንች ተሸፍኖ በኦቨን የወጣ ነው፤ እሱን ግን ጠይቂ፤ አንዳንዱ የአሳማ ቋሊማ ይቀላቅልበታል። ክትፎ ለምትወጂው ልጄ ደግሞ ታርታር አለልሽ። የበሬው ሥጋ ጥሬውን ተከትፎ፣ በቅቤና በሚጥሚጣ ፈንታ በእንቁላል አስኳል፣ በሰናፍጭና በቀይ ሽንኩርት የታሸ ነው።

ፓሪስ ውስጥ ሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ካለፋችሁ ጋሌት የሚባለውን ስስ ቂጣ ብዪ። የብሬታኝ ባቡር የሚደርሰው እዚያ ስለሆነ ከዚያ የመጡ ሰዎች ሰፈሩን በክሬፕ ቤት ሞልተውታል። "ኮምፕሌት" (ሙሉ) የሚሉት የአሳማ ካም አለበት፤ አንቺ በእንቁላልና በአይብ ብቻ እዘዢ። ሊል ከሄዳችሁ ኤስታሚኔ የሚባሉ የሰፈር ቤቶች ውስጥ በቢራ የተሠራ የበሬ ወጥ ከድንች ጥብስ ጋር አለ። ስትራስቡርግን ለእይታ ሂዱ እንጂ ምግቡ ከአሳማ አይላቀቅም። መኪና ከተከራያችሁ ደግሞ ክብ የሆነ ቀይና ሰማያዊ ምልክት በመንገድ ዳር ፈልጉ፤ የከባድ መኪና ሾፌሮች ቤት ነው፤ ሩቲዬ ይባላል። ከ1934 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። በአንድ ዋጋ ከመጀመሪያው እስከ አይቡ ትጠግቢያለሽ።

ልጄ፣ አንድ ነገር ግን እሺ በይኝ። ጉዞሽን ገልብጪው። ኒስ ጀምረሽ ፓሪስ ልትጨርሺ አስበሻል። ነሐሴ 1 በፈረንጆቹ ኦገስት 7 ነው፤ ፍልሰታ ይገባል። የፓሪስና የሰሜኑ ምግብ በቅቤና በክሬም ነው የሚሠራው። ጾም ይዘሽ እዚያ ብትገኚ ምን ልትበዪ ነው? ፍስኩን በሰሜን ጨርሺና ጾሙን ይዘሽ ወደ ደቡብ ውረጂ። እዚያ ምግቡ የሚሠራው በወይራ ዘይት ነው። ኒስ ውስጥ ሶካ አለ። የሽምብራ ዱቄት በውኃና በወይራ ዘይት ተበጥብጦ፣ በሰፊ መጥበሻ በእንጨት ምድጃ ይጋገርና በቁንዶ በርበሬ ትኩሱን ይሸጣል። በጥቂት ዩሮ ከድሮው ከተማ ገዝተሽ ቆመሽ መብላት ነው። ማርሴ ደግሞ ከዚያው ዱቄት ተቆርጦ የሚጠበስ ፓኒስ አለ። ራታቱይ ደበርጃን፣ ዝኩኒ፣ ቲማቲምና ቃሪያ በዘይት የበሰለ ነው። ፒስቱ ሾርባ ቦሎቄና አትክልት ሆኖ በበሶብላና በነጭ ሽንኩርት ይጣፍጣል፤ አይብ እንዳይጨምሩበት ተናገሪ። ጾም ምን እንደሆነ ለማስረዳት አትድከሚ፤ "ቬጋን" በያቸው፤ ይገባቸዋል።

ኦገስት ላይ ብዙ ባለቤቶች ዘግተው ለእረፍት ይሄዳሉ። ኦገስት 15 ራሱ የእመቤታችን በዓላቸው ነው፤ አገር ይዘጋል። በሌላውም ጊዜ እሑድና ሰኞ አስቸጋሪ ናቸው። ከመሄድሽ በፊት ደውይ።

ጾሙ ሲፈታ እኔ ጋ ሊዮን ሁኚልኝ። እዚህ ቡሾን የሚባሉ ቤቶች አሉን። ይህን ከተማ በምግብ ያስጠሩት ሴቶች ናቸው፤ በሀብታም ቤት ተቀጥረው ሲሠሩ ከርመው የራሳቸውን ቤት የከፈቱ። ኧዤኒ ብራዝዬ እናቷን በ10 ዓመቷ ያጣች፣ በእርሻ ቤት ተቀጥራ ያደገች ልጅ ነበረች። በ1921 የራሷን ምግብ ቤት ከፈተች፤ በ1933 ለሁለቱም ቤቶቿ ሚሽላን ከሚባለው ምግብ ቤቶችን ከሚመዝን መጽሐፍ ሦስት ሦስት ኮከብ አገኘች። እኔ ማድ ቤት ገብቼ ሲደክመኝ እሷን አስባለሁ። የእኛም ምግብ አሳማ ይበዛበታል፤ ግን በክሬም የተሠራ ዶሮ አለ፤ የዶሮ ጉበት ኬክ አለ፤ በቅጠላ ቅጠል የተመታ ለጋ አይብ ከድንች ጋር አለ። ኬኔል የሚባለውን ከፈለግሽ ከዓሣ ነው፤ ናንቱዋ የሚባለው ሶስ ግን ከሸርጣን ዘር ስለሚሠራ ሌላ ሶስ እንጠይቅልሻለን። ሴን ዣን መንገድ ላይ ያሉት በር ላይ ብዙ ያወራሉ፤ እኔ የማውቀው ቤት ሌላ ነው።

ከኒስ ወደ ሊዮን የሚመጣው ባቡር ቀኑ እየቀረበ ሲሄድ ይወደዳል፤ ትኬቱን አሁን ቁረጪ። ቀኑን እንዳወቅሽ ላኪልኝ፤ ጠረጴዛውን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ምሳ ላይ ለሦስታችን።

እናትሽ
ሊዮን