የእንግሊዝኛ ክበብ፦ አንድ «እስከ»፣ ሁለት ቃል

ክበባችን ዘንድሮም ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ሲሰበሰብ ከረመ። ክርክሩም፣ የቃላት ውድድሩም፣ ጠዋት በሰልፍ ላይ የሚነበበው አጭር ዜናም አልተቋረጠም። የኛ 3 ሰዓት በእንግሊዝኛ 9 መሆኑንም ለአዲሶቹ አባላት በአንድ ቀን አስጨበጥን። የዓመቱን ዘገባ ጻፍ ስባል ግን ቀድሞ የመጣልኝ አንድ ማስታወቂያ ነው።

ኅዳር ላይ ልጆቹ ለቤተ መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ጻፉ። «መጽሐፉን እስከ ዓርብ መልሱ» ለማለት «አንቲል ፍራይዴይ» አሉ። እንዲህ ሲባል እስከ ዓርብ ድረስ መጽሐፍ ሲመልሱ መክረም ይሆናል። መባል የነበረበት «ባይ ፍራይዴይ» ነው።

ልጆቹ ሰንፈው አይደለም። አማርኛችን ለሁለቱም «እስከ» ስለሚል ነው። ልዩነቱን የሚሸከምልን ግሡ ነው።

ደንቡን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፤ ብዙም ጠብ አላለላቸውም። ያስረዳችን ከደብረ ማርቆስ ወጣ ካለ ገጠር መጥታ፣ ቤት ተከራይታ የምትማር የ9ኛ ክፍል ልጅ ናት። እናቷ ስንቅ ሲያሲዟት የሚሏትን ነገረችን። «ይኸ ድርቆሽ እስከ ቅዳሜ ይበቃሻል። እስከ ቅዳሜ ደግሞ ሌላ እልክልሻለሁ።»

ድርቆሹ በየቀኑ እየተበላ ቅዳሜ ይደርሳል። ይኼ አንቲል ነው። ሌላው ስንቅ ግን የሚመጣው አንዴ ነው፤ ማክሰኞም ይሁን ሐሙስ፣ ቅዳሜን አይለፍ እንጂ። ይኼ ባይ ነው። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው! «እስከ ፋሲካ እንጾማለን» አንቲል፣ «እስከ ፋሲካ ጠላው ይደርሳል» ባይ እያሉ ከየቤታቸው ያመጡት ጀመር።

አንዱ ግን እጁን አወጣ። «እስከ ሰኞ አልመጣም ስንልስ? መምጣት እኮ አንዴ ነው፤ ታዲያ ለምን አንቲል ይሆናል?» በማስተማር ዘመኔ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ይህን የሚያህል ያስደሰተኝ ጥቂት ነው። መምጣቱ አንዴ ነው፤ አለመምጣቱ ግን እስከ ሰኞ ይቀጥላል። መልሱን ሳልነግራቸው አንድ ሳምንት አቆየሁት። በሳምንቱ ራሱ ጠያቂው ይዞት መጣ።

ማስታወቂያው ታርሞ አሁን የቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተለጥፏል። ለከርሞ «ሲንስ» እና «ፎር»ን ይዘናል። ባለ ድርቆሿ ልጅም ክረምቱን እናቷን እያዳመጠች ምሳሌ ልታጠራቅም ቃል ገብታልናለች።