ባንዲራውን ዝቅ የሚያደርገው ዘበኛው ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ተራራው ተንዶ ከ200 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡትም ሳይቀሩ ናዳው ዋጣቸው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከቅዳሜ ሐምሌ 20 ጀምሮ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። እኛ የሰማነው ዓርብ ነው። ቅዳሜና እሑድ ቢሮ ዝግ ነው። ታዲያ በየመሥሪያ ቤቱ ሰንደቅ ዓላማውን ዝቅ የሚያደርገው ማን ሊሆን ነው? እኛው ዘበኞቹ ነን።

እኔ ጡረታ የወጣሁ አሥር አለቃ ስሆን ሣሪስ አካባቢ የአንድ መሥሪያ ቤት በር እጠብቃለሁ። ሐዘኑን የነገረኝ ሬዲዮኔ ነው። ደብዳቤው ማኅተም ተመትቶበት የደረሰን ማክሰኞ፣ ሐዘኑ ካለቀ በኋላ ነው። ግልባጩ «ለሚመለከታቸው ሁሉ» ይላል፤ ገመዱን የሚይዘው ሰው ግን የሚመለከተው አልመሰላቸውም።

ቅዳሜ ጠዋት ከተረኛ ጓደኛዬ ጋር ሻይ ልንጠጣ ስንወጣ የጎረቤቶቻችንን አየን። አንዱ ባንዲራውን ከታች ስቦ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቋጥሮታል፤ ገመዱ አልሄድ ብሎት የተወው ነው የሚመስለው። ሌላው የአገሪቱን ዝቅ አድርጎ ጎኑ ያለውን የከተማውን ባንዲራ ከላይ ትቶታል። ሐዘን ሊገልጽ ብሎ የአገሩን ሰንደቅ ዓላማ ከከተማው በታች አዋለው። ሦስተኛው ምሰሶ የለውም፤ በሩ አናት ላይ በአጭር እንጨት ጋደል ተደርጎ ስለተሰቀለ እንዳለ ውሏል። በእነሱ አልፈርድም፤ ማን ነግሯቸው?

በሠራዊቱ የተማርነው እንዲህ ነው፦ ባንዲራው መጀመሪያ እስከ ምሰሶው ጫፍ ይወጣል። ጫፍ ከነካ በኋላ በዝግታ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ማታም ሲወርድ በቀጥታ ከግማሽ አይደለም፣ እንደገና ጫፍ ደርሶ ነው።

ሌላም አለ። መጋቢት 2011 የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ወድቆ 157 ሰዎች ሲሞቱ የታወጀው ሐዘን የአንድ ቀን፣ ሰኞ ብቻ ነበር። በሰፈራችን ግን ሳምንቱን ሙሉ ዝቅ እንዳለ የቀረ አይቻለሁ። ዝቅ አድርግ የሚል ትእዛዝ ይመጣል፣ መልሰህ ስቀል የሚል አይመጣም።

ስለዚህ ምክር ቤቱ ሐዘን ሲያውጅ «ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ ብሎ ይውለበለባል» ብሎ ብቻ አያብቃ። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ የክልሉና የከተማው ባንዲራ ምን እንደሚሆን፣ ምሰሶ የሌለው ምን እንደሚያደርግ (በሌሎች አገሮች ጥቁር ጨርቅ ያስሩበታል)፣ መቼ ወደ ቦታው እንደሚመለስ አብሮ በሬዲዮ ይነበብ። አለቆቻችንም ሰኞን አይጠብቁ። የዘበኛው ስልክ ቁጥር ሰው ኃይል ዘንድ ተመዝግቧል፤ ይደውሉልን።

ጡረተኛ አሥር አለቃ፣ ከሣሪስ