ዕድር ለሌላቸው የሌሊት ሠራተኞች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በፒያሳ፣ በካዛንቺስና በስታዲየም አካባቢ በሌሊት ሥራ ከሚተዳደሩት መካከል በወሲብ ንግድ የሚኖሩ ትራንስጀንደር (ሲወለዱ ወንድ ተብለው የተመዘገቡ፣ ነገር ግን ሴት ሆነው የሚኖሩ) እህቶቻችን ይገኛሉ። ይህን ጥሪ የምናቀርበው ከእነርሱ ጋር ለጀመርነው የጋራ መረዳጃ ቋት ነው። ሌላው የከተማችን ነዋሪ በችግሩ ቀን ዕድሩንና ጎረቤቱን ይጠራል፤ እነርሱ ግን ብዙዎቹ ከቤተሰብ የተባረሩ፣ በሰፈር ዕድር ለመመዝገብም የማይደፍሩ በመሆናቸው ሲታመሙ የሚጠይቃቸው፣ ሲሞቱም ቀብራቸውን የሚያስፈጽም ወገን የላቸውም።

ለሾርትም (ለአጭር ሰዓት) ሆነ ለአዳር ፔንሲዮን ሲገቡ መታወቂያ ይጠየቃሉ፤ በመታወቂያው ላይ ያለው ስምና ፎቶ ግን ፊት ለፊት ከቆመችው ሴት ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ክፍሉን ትተው በደንበኛ መኪና ውስጥ ወይም ባላለቀ ሕንፃ ሥር ይሠራሉ፤ በዚያም ኮንዶም ይደረግ ብሎ መከራከርም ሆነ የሰው ያለህ ብሎ መጮህ ከባድ ነው። ክፍያው በቴሌብር ከሆነ ደግሞ ላኪው ገንዘቡን ከማስተላለፉ በፊት የተቀባዩ የተመዘገበ ስም ስልኩ ላይ ይመጣለታል። በዚያች ቅጽበት የተደበደቡ አሉ፤ ስማቸውን ይዞ «ለቤተሰብሽ እነግራለሁ» እያለ ገንዘብ የሚቀበላቸው ሰው የተጣበቀባቸውም አሉ።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን የሚያስቀጣ በመሆኑ፣ የተደበደበች ወይም የተደፈረች እህታችን ከሳሽ ሆና ገብታ ተከሳሽ ሆና እንዳትቀር በመስጋት ወደ ፖሊስ ጣቢያ አትሄድም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ይፈጸምባቸዋል በተባሉ ሆቴሎችና ባሮች ላይ እርምጃ መጀመሩን ካስታወቀ በኋላ ይህ ፍርሃት በእጅጉ ብሷል። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና ሠራተኛ ሰፈር፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ሲፈርሱ የተከራዩበት ቤት ብቻ አልነበረም የጠፋው፤ ሲመሽባቸው በር የሚከፍትላቸው ባለሱቅና ፊታቸውን የሚያውቅ የሰፈር ዘበኛም አብሮ ተበትኗል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን የጤናው ጉዳይ ነው። አስገድዶ መድፈር ከደረሰ በኋላ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል ወዲያውኑ ተጀምሮ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት፤ ከዚያ ውስጥ ብዙው ሰዓት የሚባክነው ሳያዋርድ የሚቀበል ባለሙያ በማፈላለግና የታክሲ በመበደር ነው። ባለፈው ክረምት ከመኪና ተገፍትራ ክንዷ የተሰበረ አንዲት እህታችን ወደ ሕክምና ከመሄዷ በፊት በደኅናው እጇ ሊፒስቲኳን ስትጠርግና አሴቶን ፈልጉልኝ እያለች የጥፍር ቀለሟን ለማስለቀቅ ስትታገል አይተናል፤ ካርድ ክፍል በወንድ ስሟ ስትጠራ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እንዳይስቅባት ብላ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በጥር 2017 ዓ.ም. የውጭ እርዳታውን ካቆመ ወዲህም በዚያ ገንዘብ ይታገዝ የነበረው የምክርና የምርመራ አገልግሎት ጠቧል።

የምንሰበስበው ገንዘብ በቅድሚያ ለሌሊት መጓጓዣና ለሕክምና ይውላል። ተጎድታ መሥራት ያልቻለች እህት እስክታገግም የቤት ኪራይዋ ከቋቱ ይሸፈናል፤ የቀብር ወጪም እንዲሁ። ከዚህ ሌላ፣ ከቤት የተባረረች ወይም የምትፈለግ እህት ለጥቂት ቀናት የምታርፍበት አንድ ክፍል ቤት ለስድስት ወር ለመከራየት አስበናል። ገንዘቡ የሚወጣው አባላቱ ራሳቸው ከመካከላቸው በመረጧቸው ሦስት ሴቶች ስምምነት ነው፤ ምን እንደሚያስፈልጋቸው ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም ብለን እናምናለን።

መስጠት የምትፈልጉ ሁሉ በየወሩ ከ200 ብር ጀምሮ፣ ወይም አቅማችሁ የፈቀደውን በአንድ ጊዜ፣ ይህን ጥሪ በእጅ ላደረሰላችሁ ሰው በጥሬ ገንዘብ እንድታስረክቡ በአክብሮት እንጠይቃለን። በባንክና በስልክ ዝውውር የማንቀበለው የእናንተም የእነርሱም ስም እንዳይታይ ነው። የገባውና የወጣው ሒሳብ ስም ሳይጠቀስበት በየሦስት ወሩ በዚያው ሰው በኩል ይደርሳችኋል። ነርስ፣ ሐኪም ወይም ጠበቃ የሆናችሁ፣ በሌሊት ስልክ ለማንሣት ፈቃደኛ ከሆናችሁ ይህንኑ ንገሩት፤ የሚከራይ ክፍል ያላችሁም እንዲሁ።