ጭንቅላት ፍላሽ ዲስክ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ናችሁ? ባለፈው የጤና ዓምዳችሁ ላይ አንጎልን ከፍላሽ ዲስክ ጋር ያመሳሰለችውን ጽሑፍ አነበብኳት። ለተፈታኝ ተማሪዎች ታስቦ እንደተጻፈ ገብቶኛል። ግን በዚህ አልስማማም። ፍላሽ ላይ ያስቀመጥከውን ፋይል ከዓመት በኋላ ብትከፍተው ያው ነው። ትዝታ እንደዚያ አይሠራም።

ጭንቅላታችን ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች አሉ። የአክስትህን ፊት ለብቻው ይዞ የተቀመጠ ሴል ግን አታገኝም። ትዝታው ያለው በሴሎቹ መጋጠሚያ ላይ ነው፤ አብረው የሚነቃቁት ደጋግመው ሲነቃቁ መጋጠሚያቸው ይጠብቃል፣ በኋላ ጥቂቶቹ ሲነኩ የቀሩትን ይቀሰቅሳሉ። ካናዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዶናልድ ሄብ ይህን ሐሳብ ያቀረበው በ1949 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ታክሲ ውስጥ የምታውቀው ሰው ገጥሞህ ስሙ ጥፍት ይልብሃል አይደል? ከዚያ ስለ ድሮ ሰፈራችሁ አንድ ነገር ጣል ሲያደርግ ስሙም፣ የወንድሙም ስም፣ የበራቸው ቀለም ሳይቀር ተግተልትሎ ይመጣል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆን ሆፕፊልድ በ1982 ይህንኑ በሒሳብ አሳየ፦ እንደ ነርቭ ሴሎች እርስ በርስ የተያያዘ መረብ ቁራጭ ሲሰጡት ሙሉውን ያወጣል። በ2024 የፊዚክስ ኖቤል ከኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጄፍሪ ሂንተን ጋር ተጋርቷል። (ፊዚክስ እዚህ ምን አገባው ብለው ያጉረመረሙም ነበሩ።) ታዲያ ያው መረብ ሲበዛበትና የሚመሳሰል ነገር ሲገባበት ይደባልቃል፣ ያልተሰጠውንም ይፈጥራል። የታሪክ ፈተና ላይ የሁለት ጦርነት ዓመት ያቀያየረ ተማሪ ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል።

በጣም የገረመኝ ግን የአይጦቹ ነገር ነው። አሜሪካ ባለው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የተመራማሪው የሱሱሙ ቶኔጋዋ ቡድን አንዲት አይጥ አንድ ሣጥን ውስጥ ስትዘዋወር የሠሩትን ሴሎች ምልክት አደረገባቸው። እዚያ ምንም አልደረሰባትም። በማግስቱ ሌላ ሣጥን ውስጥ ከተቷት፣ እነዚያኑ ሴሎች በብርሃን እየቀሰቀሱ እግሯን በኤሌክትሪክ ነዘሯት። ከዚያ ወደ መጀመሪያው፣ ምንም ወዳልነካት ሣጥን ሲመልሷት በፍርሃት ደርቃ ቀረች። ያልሆነ ነገር አስታወሰች ማለት ነው! በ2013 የወጣ ሥራ ነው። ፋይል ቢሆን ኖሮ እንዲህ በቀላሉ አይነካካም ነበር፤ ትዝታ ሲነሳ እንደገና ይገነባል፣ ሲገነባ ደግሞ አዲስ ነገር ሊገባበት ይችላል። «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» ብሎ የሚምል ምስክር ሳይዋሽም ሊሳሳት የሚችለው ለዚህ ነው።

ጽሑፋችሁ ውስጥ «ከፈተናው በፊት ሌሊቱን ተጠቀሙበት» የሚል ምክርም ነበረ። እዚህ ላይ ነው የተናደድኩት። አይጥ ስትሮጥ አብረው የሠሩ ሴሎች በኋላ ስትተኛ እንደገና አብረው ሲሠሩ ተመዝግቧል፤ ያዩትን የማጽናት ሥራ እንቅልፍ ላይም ይቀጥላል። ልጁን አትተኛ ስንለው ያጠናውን ነው የምናስጥለው። ደግሞ አንዱን ገጽ አሥር ጊዜ ከመሸምደድ ደብተሩን ከድኖ «ምን ነበር ያለው?» ብሎ ራስን መጠየቅ ይሻላል።

ፈተናው ሳይደርስ ማስተካከያ ብታወጡ ጥሩ ነው፤ የእንቅልፏን ነገር በተለይ።

አንባቢያችሁ