የጃንጥላው ቀለም

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኔም ልጆቹም እናታቸውም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ኅዳር ከገባ ወዲህ የጎንደር ብርድ ጠንክሯል። ይህን የምታነብልሽ የጎረቤት ልጅ ቀስ ብላ ታንብብልሽ፤ ከወትሮው ይረዝማል። ስልክ እያለ ምን አጻፈው ትይ ይሆናል። በስልክ አንቺ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ እኔ ስለ ልጆቹ ትምህርት ስናወራ ሂሳቡ ያልቃል። ይህ ደግሞ ፊት ለፊትም ቢሆን አፌ ላይ የሚመጣልኝ አይደለም።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንድ ስብሰባ ላይ ዋልሁ። የሀዲስ አለማየሁ ወዳጆች ናቸው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ደጋግመው ያነበቡ፣ አንዳንዶቹም ገጽ ገጹን በቃላቸው የያዙ ሰዎች። ከጃንተከል ዋርካ ብዙ በማይርቅ ቤት ይገናኛሉ። እኔን አንባቢ ብለው አልጠሩኝም። የመጽሐፍ መደርደሪያ ሠርቼላቸው ነበርና ቀሪ ሒሳቤን ልቀበል ስሄድ «ቡና ሳትጠጣማ አትሄድም» ብለው አስቀሩኝ።

አርባ ያህል ሰው ነበር። አንዱ ጎረምሳ የመጽሐፉ ጉዱ ካሳ ነኝ ብሎ የተቀዳደደ ጋቢ ለብሶ፣ ፀጉሩን አንጨባሮ መጥቶ ያገኘውን ሁሉ ሲሞግት ዋለ። ጥያቄና መልስም ነበር። «የበዛብህ አባት ማን ይባላል?» ሲባል ግማሹ ቤት በአንድ ድምፅ «ቦጋለ መብራቱ!» አለ። «የበዛብህን የትውልድ አገር ማንኩሳን በዓይኑ ያየስ አለ?» ሲባል ግን እጄን ያወጣሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። ከኢየሩሳሌም እንደ ተመለሰ ሰው አዩኝ። በልጅነቴ አንቺን ተከትዬ ለቅሶ እንደ ሄድሁና ውሻ እንዳባረረኝ እንጂ ሌላ የማስታውሰው እንደሌለ ስነግራቸው ቅር አላቸው።

አንድ ሽማግሌ ደግሞ ተነሥተው «የአገራችን ልጅ ደራሲው ብርሃኑ ዘሪሁን እያለ ጎንደር ላይ ለጎጃሜ ድግስ?» አሉ። ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። በሚቀጥለው ወር የብርሃኑ «ማዕበል» ይነበባል ተብሎ ቃል ተገባላቸውና ተቀመጡ። ሲቀመጡ ግን ያጨበጨቡት ከሁሉም በላይ ነበር።

ስለ ደራሲው አንድ አስተማሪ ተናገረ። በ1902 ደብረ ማርቆስ አካባቢ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። ጣሊያን ማርኮ አገሩ ወስዶ አሰራቸው። ከነፃነት በኋላ አምባሳደርም ሚኒስትርም ሆኑ፤ መጽሐፉ የታተመው በ1958 ነው። ይህን አብዛኛውን አውቀው ነበር። ያላወቅሁት እሳቸው ራሳቸው የቄስ ተማሪ ሆነው ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ድረስ መማራቸውን ነው። በዛብህን ያስገቡት በወሬ በሰሙት ዲማ አይደለም ማለት ነው።

ከዚያ መጽሐፉን በሬዲዮ የተረከውን የወጋየሁ ንጋቱን ድምፅ ከፈቱልን። እማዬ፣ ያን ድምፅ ስሰማ የቤታችን ጢስ ሸተተኝ። የሬዲዮው ባትሪ እንዳይደክም ቀኑን ፀሐይ ላይ አስጥተነው፣ ማታ ጎረቤት ሁሉ ገብቶ፣ አባዬ የሚያስለውን በዓይኑ እየገሠጸ። አንቺ እንዝርትሽን ይዘሽ ትቀመጪያለሽ፤ ሰብለ ወንጌል ላይ ሲደርስ እንዝርቱ ይቆማል። አንድ ፊደል ሳትቆጥሪ ያን መጽሐፍ እዚያ ከነበሩት ከብዙዎቹ የበለጠ ታውቂዋለሽ። ለአስተማሪው ነግሬዋለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። አንዲት ተማሪ ተነሥታ ሁላችሁም የሰብለ ወንጌልን አባት ፊታውራሪ መሸሻን ትረግማላችሁ፣ ጥፋቱ ግን የሚጀምረው ከበዛብህ እናት ነው አለች። ውድነሽ ልጇን ሳትጠይቅ ለእግዚአብሔር ተሳለች፤ የልጁን ሕይወት ሰጥታ እሷ ተጽናናች። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ፣ ያውም ከልቤ።

ጥግ ላይ ቡና የሚያፈሉ አሮጊት ነበሩ። ጀበናውን ሳያስቀምጡ «ልጄ፣ አንቺ ስትታመሚ እናትሽ እጇን አጣጥፋ ነው ያየችሽ? የምትሰጠው ሲጠፋት እኮ ነው ያንኑ የምትለምነውን ልጅ የሰጠችው» አሉ። ተማሪዋ የምትመልሰው አላጣችም፣ ጥሩ ተሟገተች፤ እውነቷንም ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ያለውን አልሰማሁም።

በኩፍኝ ታምሜ ልሞት ስል ለገብርኤል እንደ ተሳልሽብኝ አውቃለሁ። ከሞት ካተረፍህልኝ ለቤትህ ይሁን፣ ዲያቆን ይሁን ብለሽ። ዳዊት ሳልደግም ጠፍቼ ባሕር ዳር አናጢ ቤት መግባቴን፣ አንቺም «ዮሴፍም ጠራቢ ነበር» ብለሽ አፋቸውን ለከፈቱ ዘመዶች መመለስሽን አውቃለሁ። በሃያ ዓመቴ፣ ለበዓል መጥቼ፣ «አንቺም ያው ውድነሽ ነሽ!» ያልሁሽንም አውቃለሁ። ጤፍ ትነፊ ነበር። ወንፊቱን አላቆምሽም። ስላላቆምሽ አልሰማችኝም ብዬ ይኸው ሃያ አምስት ዓመት ኖርሁ።

በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል ጃንጥላ ታስገቢያለሽ። ቅቤ ሸጠሽ፣ ዶሮ ሸጠሽ፤ አባዬ በሞተበት ዓመት እንኳ አልቀረም። እኔ ወግ ነው ብዬ አልፌው ነበር፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ በዚህ ገንዘብ ቆርቆሮው ይጠገንበት ነበር ብዬሻለሁ። ያን እሑድ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ዓመቶቹን በጣቴ ቆጠርሁ። የመጀመሪያውን ጃንጥላ ያስገባሽው እኔ ከየኔታ ቤት በጠፋሁበት ዓመት ነው። እኔን ነው ስትዋጂ የኖርሽው።

የሰላሳ ሁለት ጃንጥላ ዋጋ ልመልስልሽ አልችልም፤ ብመልስም እንደማትቀበይኝ አውቃለሁ። የዘንድሮውን ግን እኔ እገዛለሁ፤ ከዋዜማው በፊት ቡሬ እደርሳለሁ። ፒያሳ አንድ ሱቅ ሁለት አይቻለሁ፤ አንዱ ቀይ ነው፣ ሌላው ወይን ጠጅ ሆኖ ዘርፉ ወርቃማ ነው። የቱ እንደሚሻል ለልጅቱ ንገሪያትና ትደውልልኝ።

ልጅሽ