ፈቃዱ ያልቃል፣ ጡቱ አያልቅም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የእናቶች ዓምዳችሁን አነባለሁ፤ ግን ምክሩ ሁሉ ሞግዚት ላላት ሴት የተጻፈ ይመስላል። እስቲ ደሴ ኑና ከእኛ ጋር ቡና ጠጡ። እኛ አንድ ግቢ የተከራየን እናቶች ከአቦል እስከ በረካ ወሬያችን ልጅ ነው። ሰሞኑን ደግሞ ጡት። የጤና ባለሙያዎች እስከ 6 ወር ውሃም ቢሆን አትስጡ ይላሉ፣ ልክ ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 የሥራ ቀን ነው። ቀሪውን ማን ይሙላው?

ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራ ጎረቤታችን ገና ሳይነጋ ጡቷን አልባ፣ ክዳን ባለው ንጹሕ ኩባያ አድርጋ እኛ ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጣለች (መብራት ካለ ማለቴ ነው)። እዚያ እስከ 4 ቀን ይቆያል፣ ውጭ ከሆነ ግን ከ4 ሰዓት ማለፍ የለበትም። አማቷ ኩባያውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ለብ ታደርገዋለች እንጂ አታፈላውም። ይህንን ያወቅነው እርስ በርስ ተነጋግረን ነው።

ችግሩ ሥራ ቦታዋ ነው። ጡቷ ሲሞላ የምታልበው ሽንት ቤት ገብታ ነው፣ ያውም ተደብቃ። በናታችሁ፣ ቀጣሪዎችን አንድ ጊዜ ጠይቁልን፤ በር ያላት ጠባብ ክፍልና ወንበር ለመስጠት ምን ያህል ይከብዳል?

አንዲት እናት፣ ከደሴ